የቤት ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ፦ ሪፒተር፣ ኬብል፣ ፋይበር ወይስ ፓኬጅ ማሳደግ?

ደብረ ማርቆስም ይሁን ፍኖተ ሰላም፣ ዳንግላም ይሁን ሞጣ፣ የቤት ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ ሰው ቶሎ የሚያስበው ሁለት ነገር ነው፦ ፓኬጅ ማሳደግ፣ አለዚያም ከኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሪፒተር፣ ማለትም የራውተሩን ዋይፋይ ተቀብሎ ደግሞ የሚያሰራጭ ዕቃ፣ ገዝቶ ሶኬት ላይ መሰካት። ሁለቱም ብር ያስወጣሉ፤ ለብዙ ቤት ግን ሁለቱም ፈውስ አይሆኑም። የእኔን ፍርድ ከወዲሁ ልናገር፦ ከፊት ዋና ቤት፣ ከጓሮ ሰርቪስ ላለው ግቢ አንድ ጥቅል የኔትወርክ ኬብልና አንድ ተራ ራውተር ከሌላው አማራጭ ሁሉ ይበልጣሉ። ይህ የሚሆነው ግን ችግሩ ቤት ውስጥ ከሆነ ነው። ከውጭ ከሆነ ኬብሉም ከንቱ ድካም ነው።

ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ

ኢንተርኔቱ እጅዎ እስኪገባ ሦስት ቦታ ላይ ሊታነቅ ይችላል፦ ወደ ቤትዎ በሚገባው መስመር፣ በከፈሉበት ፓኬጅ ጣሪያ፣ ወይም ከራውተሩ እስከ ስልክዎ ባለው ዋይፋይ። የሦስቱ መድኃኒት ለየቅል ነው።

ላፕቶፕ ካለዎት በኔትወርክ ኬብል ከራውተሩ ጋር በቀጥታ ያገናኙት፤ የላፕቶፑን ዋይፋይ ያጥፉ፤ የቤተሰቡን ስልክ ሁሉ ለጥቂት ደቂቃ ከዋይፋዩ ያስወጡ። ከዚያ ፋስት ዶት ኮም ወይም ስፒድቴስት ላይ ይለኩ። ላፕቶፕ ከሌለ ስልክዎን ይዘው ከራውተሩ ሁለት እርምጃ ርቀው ይቁሙ። ቀጥሎ ኢንተርኔቱ የሚያስቸግርበት ክፍል ገብተው ይድገሙት። ይህንኑ አንድ ጊዜ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ አንድ ጊዜ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ያድርጉትና ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ይጻፉ። ወረቀቱ በኋላ ቴክኒሻን ሲጠሩም ይጠቅምዎታል።

ቁጥሩን ሲያነቡ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ፓኬጅ የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፤ ኮምፒውተርዎ ፋይል ሲያወርድ የሚያሳየው ደግሞ ብዙ ጊዜ በሜጋባይት ነው። 8 ቢት 1 ባይት ስለሆነ የ4 ሜጋቢት ፓኬጅ ያለው ሰው ፋይል ሲያወርድ በሰከንድ ግማሽ ሜጋባይት ቢያይ ሙሉ ድርሻውን እያገኘ ነው። «ከከፈልሁበት ስምንተኛው ብቻ ነው የሚደርሰኝ» ብሎ የሚያማርር ሰው ብዙ ጊዜ የተምታታበት እዚህ ላይ ነው።

ከልኬቱ በኋላ መንገዱ ይለያል። ራውተሩ አጠገብ ጥሩ ሆኖ ጓዳ ሲገቡ የሚሞት ከሆነ ችግሩ ዋይፋዩ ነው። በኬብልም ቀኑን ሙሉ ከፓኬጁ በታች ከሆነ መስመሩ ነው። በኬብል የፓኬጁ ሙሉ ቁጥር እየመጣ ለቤተሰቡ ካልበቃ ፓኬጁ ነው። ንጋት ላይ ሙሉ፣ ማታ ግን ደካማ ከሆነስ? ማታውኑ የሌላውን ሁሉ ስልክ አስወጥተው በአንድ ላፕቶፕ ብቻ ይለኩ፤ ከተስተካከለ የበላው ቤትዎ ውስጥ ነው፣ ካልተስተካከለ ጭነቱ ከግቢዎ ውጭ ነው።

ችግሩ ዋይፋዩ ከሆነ

በነጻው ይጀምሩ፦ ራውተሩን ማዛወር። መስመሩን የሚዘረጋው ባለሙያ ራውተሩን የሚያስቀምጠው ሽቦው ከሚገባበት ጥግ ነው፤ ያ ጥግ አብዛኛውን ጊዜ ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ወይም ቡፌው ውስጥ ይሆናል። ከዚያ ያውጡትና ከፍ ባለ፣ ገላጣ በሆነና ወደ ቤቱ መካከል በተጠጋ ቦታ ያኑሩት። አንቴናውን ቀጥ አድርገው ያቁሙት፤ የቆመ አንቴና ሞገዱን ወደ ጎን ስለሚበትን ክፍሎቹ ጎን ለጎን ለሆኑበት ቤት ይስማማል። ዳንቴል ማልበስ ሞገዱን አይከለክልም፤ ራውተሩን ግን ያግለዋል፣ የጋለ ራውተር ደግሞ ይንቀራፈፋል።

የግድግዳው ነገር ከሁሉ በላይ ይወስናል። በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ደረቅ ግድግዳ ሞገዱን ያዳክመዋል እንጂ አይገድለውም። ድንጋይና ብረት ያለበት ኮንክሪት ክፉኛ ያዳክሙታል። ቆርቆሮ ግን ሞገዱን መልሶ የሚያንጸባርቅ በመሆኑ በቆርቆሮ የተከለለ ሰርቪስ ወይም ወጥ ቤት ውስጥ ምንም ዓይነት ጠንካራ ራውተር ከሳሎን ሆኖ አይደርስም። ከሁለቱ ቤቶች መካከል ውሃ የሞላ ሮቶ ቆሞ ከሆነ እሱም የድርሻውን ይውጣል። የቁም ሳጥን መስታወትም ከጀርባው የብረት ቅብ ስላለው እንዲሁ ነው።

አብዛኛው አዲስ ራውተር ሁለት ዓይነት ሞገድ ይሰጣል፦ 2.4 ጊጋኸርዝና 5 ጊጋኸርዝ። የመጀመሪያው ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም የተሻለ ያልፋል፤ ግን የጎረቤቱ ሁሉ ዋይፋይ የሚጋፋበት ነው። ሁለተኛው ፈጣን ነው፣ ከአንድ ሁለት ግድግዳ በኋላ ግን ይደክማል። ሳሎን ውስጥ ላለ ቴሌቪዥን 5ን፣ ለሩቅ ክፍል 2.4ን ይምረጡ። 2.4 ላይ ቻናሉን 1፣ 6 ወይም 11 ላይ ያድርጉት፤ እርስ በርስ የማይነካኩት እነዚህ ሦስቱ ብቻ ናቸው። አውቶማቲክ የተባለው ምርጫ ጥሩ ነው ቢባልም ቤት በተጠጋጋበት ሰፈር ሁልጊዜ አያዋጣም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጀርባ ያለው ክፍል ካልደረሰው ነው ወደ ግዢ የሚኬደው።

ሪፒተር ርካሽና ቀላል ነው፤ መሰካትና ስም ማስገባት ብቻ ነው። ድክመቱ ከአሠራሩ ይመጣል። በሰርግ ዳስ የሽማግሌውን ምርቃት ውጭ ላለው ሰው ቃል በቃል ደግሞ የሚያሰማ ሰው ማለት ነው፤ ሽማግሌው ሲናገር እሱ ዝም ይላል፣ እሱ ሲደግም ሽማግሌው ይጠብቃል። ምርቃቱ ለሁሉም ይደርሳል፣ ጊዜው ግን እጥፍ ይሆናል። ባለ አንድ ሞገድ ሪፒተርም እንዲሁ ፍጥነቱን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ባለ ሁለት ሞገድ ከሆነ በአንዱ ተቀብሎ በሌላው ስለሚልክ ጉዳቱ ይቀላል። ሪፒተሩን የሞተው ክፍል ውስጥ መሰካትም ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው፤ እዚያ ደግሞ ሪፒተሩ ራሱ የሚደግመው ሞገድ የለውም። ቦታው መንገድ እኩሌታ ላይ ነው። እኔ ሪፒተር የምመክረው ግድግዳ እንዲበሳ አከራዩ ለማይፈቅድለት ተከራይና ከቴሌግራምና ከዋትስአፕ ለማያልፍ ሰው ነው።

ኬብልና ሁለተኛ ራውተር አንድ ቀን ያደክማል፤ ከዚያ በኋላ ግን ጓሮ ያለው ክፍል ሳሎን ካለው እኩል ያገኛል። ካት 5ኢ የሚባለው ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ 1 ጊጋቢት ያደርሳል፤ የማንኛችንም ግቢ ከዚህ አይበልጥም። ሲገዙ የአንዱን ቀጭን ሽቦ ጫፍ በምላጭ ፋቅ አድርገው ይዩት። ውስጡ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው፤ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፣ እሱን ይመልሱት፤ ጫፉ ቶሎ ይሰበራል፣ ረጅም ርቀት ላይም ያስቸግራል። ከቤት ውጭ ለሚዘረጋው ጥቁር ወፍራም ልባስ ያለውን ይምረጡ፤ ግራጫውን የቤት ውስጥ ኬብል ፀሐይ ይሰነጣጥቀዋል። በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገብቶ መቅበር ከአይጥም ከአካፋም ያድነዋል። ከመብራት ሽቦ ጋር ጎን ለጎን አያስኪዱት።

ሁለተኛው ራውተር አዲስ መሆን የለበትም፤ ከድሮ የቀረ ቲፒ-ሊንክ ወይም ቴንዳ ይበቃል። ጀርባው ላይ በተጻፈው አድራሻ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1፣ ይግቡና «አክሰስ ፖይንት» የሚል ምርጫ ካለው እሱን ያብሩ። ከሌለው አድራሻውን ከዋናው ራውተር የተለየ ያድርጉ፤ ለምሳሌ ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ ይህን 192.168.1.2 ይበሉት፤ ከዚያ ዲኤችሲፒ የተባለውን፣ ለየስልኩ አድራሻ የሚያድለውን ቅንብር፣ ያጥፉ፣ ኬብሉንም ቀለሙ ከሚለየው ቀዳዳ ሳይሆን ከሌሎቹ አንዱ ላይ ይሰኩት። ዲኤችሲፒ ሳይጠፋ ከቀረ ሁለቱ ራውተሮች እኩል አድራሻ እያደሉ ቤቱን ሁሉ ያምሳሉ። የዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል ከዋናው ጋር አንድ ያድርጉት፣ ቻናሉን ግን ይለዩት። ስልኩ ከክፍል ክፍል ሲሄዱ ራሱ ይቀያይራል።

ሜሽ የሚባለው የሁለት ሦስት ራውተር ስብስብ ለጂ ፕላስ ዋን ቤት ያምራል፤ ዋጋው ግን ከበድ ይላል፣ በኬብል ካልተያያዘም የሪፒተሩ ችግር በከፊል ይከተለዋል። በመብራት ሽቦ ኢንተርኔት የሚያስተላልፈውን ዕቃ በየቦታው የተቀጣጠለ ሽቦ ላለው ቤት አልመክርም።

ችግሩ መስመሩ ከሆነ

እዚህ ላይ ምርጫው ሦስት ነው፦ በስልክ ሽቦ የሚመጣው፣ ፋይበር፣ ሲም ካርድ የሚገባበት የ4ጂ ራውተር።

የስልክ ሽቦው መዳብ ነው፤ የመዳብ ጠላቱ ርቀትና እርጥበት ናቸው። በዚህ ሽቦ ኢንተርኔት የሚያደርሰው ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ ከፍ ሲል 24 ሜጋቢት ይደርሳል ይባላል፤ ያ ግን ከቴሌ ጣቢያው አጠገብ ላለ ቤት ነው። ሽቦው 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲረዝም ፍጥነቱ ወደ ጥቂት ሜጋቢት ይወርዳል። የሚቆጠረውም በእግር አቋራጩ ሳይሆን ሽቦው በምሰሶ እየዞረ የሚሄደው ነው። ለዚህ ቤት ከፍ ያለ ፓኬጅ መግዛት ትርፉ ክፍያ ብቻ ነው፤ ሽቦው ከሚችለው በላይ አያልፍም።

የጎጃም ክረምት ደግሞ የራሱ አለው። ከሰኔ እስከ መስከረም በሚወርደው ዝናብ መጋጠሚያዎቹ ውሃ ያስገባሉ፣ ይዝጋሉ። መለኪያ መሣሪያ አያስፈልግም፦ መደበኛውን ስልክ አንስተው ያዳምጡ። ሽሽታ ወይም ጩርጩርታ ካለ መጋጠሚያው ተበላሽቷል ማለት ነው። ራውተሩ ውስጥ ገብተው «ኤስኤንአር ማርጂን» የሚለውን፣ መስመሩ ከሽሽታው በላይ ያለውን ትርፍ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ማየት ይችላሉ፤ ከ6 ዴሲቤል በታች ከሆነ መስመሩ መቆራረጡ አይቀርም፣ ከ10 በላይ ከሆነ ደህና ነው። ቴክኒሻን ከመጥራትዎ በፊት ግን የራስዎን ግድግዳ ይመርምሩ። ሽቦው መጀመሪያ ከሚገባበት ነጥብ ላይ ራውተሩን በቀጥታ ያገናኙና ይለኩ፤ ከተሻሻለ ችግሩ ከዚያ ነጥብ ወደ ውስጥ ያለው፣ ሦስት ቦታ በፕላስተር የታሰረው ሽቦ ነው። እሱን በአዲስ መቀየር ከሁሉ የረከሰ ጥገና ነው። ስልክና ራውተር የሚከፋፍለው ትንሿ ሳጥን፣ ስፕሊተሩ፣ እሱም ሲያረጅ ያስቸግራል።

ፋይበር ሰፈርዎ ደርሶ ከሆነ ሁለት ጊዜ አያስቡ። መስታወት ስለሆነ ዝናብ አያውከውም፣ ከከተማ ጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ርቀትም አይከብደውም፣ በሽቦው በኩል መብረቅ ይዞ ቤት አይገባም። የመጨረሻው ነጥብ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር በስልክ ሽቦ በመጣ መብረቅ የተቃጠለ ራውተር ያላየ የቀበሌ ነዋሪ ጥቂት ነው። ድክመቱ መታጠፍን አለመቻሉ ነው። ያችን ቀጭን ገመድ በምስማር ጥምዝ አድርጎ ማሰር ወይም በር ሥር ማሳለፍ ብርሃኑን ያዳክመዋል። የፋይበሩ ሳጥን ላይ ኤል፣ ኦ፣ ኤስ የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት ያሉበት መብራት ቀይ ከበራ ብርሃኑ ጨርሶ አልደረሰም፤ ራውተር ማጥፋትና ማብራት አይፈውሰውም። ሳጥኑ ውስጥ የሚታየው የብርሃን መቀበያ ቁጥር ከነጌቲቭ 8 እስከ ነጌቲቭ 27 ዲቢኤም መካከል መሆን አለበት፤ ነጌቲቭ 20 አካባቢ ጤነኛ ነው፣ ነጌቲቭ 27 አልፎ ከሄደ ገመዱ የተጎዳበት ቦታ አለ።

የ4ጂ ራውተር ሽቦ ላልደረሰበት ቤት ጥሩ ነው፤ ከከተማ ወጣ ላለ ሰፈርም አንዳንዴ ካረጀው መዳብ ይበልጣል። ግን ማማውን ከሰፈሩ ሁሉ ጋር ይጋሩታልና ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት መዳከሙን ይጠብቁ። ቦታው ወሳኝ ነው፦ በቆርቆሮ ከተከበበ ክፍል አውጥተው ማማው ወዳለበት አቅጣጫ መስኮት ላይ ያኑሩት። ከጮቄ ተራራ በሚወርዱት ሸለቆዎች ውስጥ ላለ ቤት መካከል ያለ ኮረብታ ማማው ቅርብ ቢሆንም ሞገዱን ይጋርዳል፤ እንዲህ ያለ ቤት የውጭ አንቴና የሚቀበል ራውተር ይፈልግ። ራውተሩ የሚያሳየው አርኤስአርፒ የተባለ የሞገድ ጥንካሬ ቁጥር ነጌቲቭ 80 አካባቢ ከሆነ ግሩም፣ ነጌቲቭ 110 ከሆነ ደካማ ነው። ሳፋሪኮምም ሆነ ኢትዮ ቴሌኮም ብለው ከመወሰንዎ በፊት የሁለቱንም ሲም በስልክዎ እዚያው መስኮት ላይ ሆነው ይሞክሩ፤ አንዱ በጎረቤት ሰፈር ጥሩ ነው ማለት በእርስዎ ግቢ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ሌላው የሚመዘነው ነገር፣ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ እንደነበረ ነው። ሥራው ወይም ትምህርቱ በኢንተርኔት ላይ የቆመ ሰው ሲም ብቻ ይዞ መቀመጥ የለበትም። እኔ ብሆን መደበኛውን መስመር ዋና፣ ሲሙን ተጠባባቂ አደርጋለሁ።

ፓኬጁ ከሆነ፣ ወይም ጎረቤቱ

ጥራት ያለው ባለ 1080 ቪዲዮ 5 ሜጋቢት ገደማ ይፈልጋል፤ 4ኬ ወደ 15። የቪዲዮ ጥሪ ከ1 እስከ 3 ይበቃዋል። ሳሎን አባት ዜና፣ ጓዳ ልጅ ዩቲዩብ፣ ሰርቪስ ተከራይ ተማሪ የቪዲዮ ትምህርት እኩል የሚከፍቱበት ቤት 4 ሜጋቢት ይዞ ቢንቀራፈፍ አይገርምም፤ ይህ ቤት ያሳድግ።

ሌላው ግን መጀመሪያ የሚበላውን ይፈልግ። ቴሌግራም በየግሩፑ የሚላከውን ቪዲዮ ሳይጠየቅ ያወርዳል፤ ቅንብሩ ውስጥ በዋይፋይም ጭምር ያጥፉት። ከዚያ የሚከፋው በመላኪያው በኩል ያለው መጨናነቅ ነው። በመዳብ መስመር የመላኪያው ፍጥነት ከ1 ሜጋቢት ብዙም አይርቅም፤ ሰርግ ላይ የተነሣውን ፎቶና ቪዲዮ አንድ ስልክ ወደ ጉግል ፎቶ ሲሰቅል ያችን ጠባብ መንገድ ይዘጋታል፣ ማውረዱም አብሮ ይቆማል። ብዙ «ማታ ማታ ይሞታል» የሚባል ቤት ምስጢሩ ይኸው ነው። ሰዓቱን ወደ ሌሊት ማዛወር ምንም ብር አይጠይቅም።

ጎረቤትን በተመለከተ፣ የይለፍ ቃል ቀይሮ ዝም ማለት ቀላል መስሎ ይታያል። አብሮ ቡና የሚጠጣ ጎረቤት «ዋይፋዩ ምን ሆነ?» ሲል ግን መልሱ ያሳፍራል። የተሻለው መንገድ የእንግዳ ኔትወርክ መክፈት ነው፦ ብዙ ራውተር ለብቻው ስም ያለው ዋይፋይ ያወጣል፣ ፍጥነቱንም መገደብ ይቻላል። ለእንግዳው 1 ሜጋቢት ቢመድቡለት መልእክቱን ያነባል፣ ይደውላል፤ ፊልም አያወርድም። ለተከራዮችም ይኸው ይሠራል፤ ኪራዩ ላይ ዋይፋይ አብሮ የሚታሰብ ከሆነ ስንት ሜጋቢት እንደሆነ አስቀድሞ መነጋገር ኋላ ከሚመጣ ጭቅጭቅ ያድናል።

ዲኤንኤስን፣ የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚለውጠውን አገልግሎት፣ ወደ 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 መቀየር ድረ ገጽ ሲከፈት ያለውን የመጀመሪያ መዘግየት ሊያሳጥር ይችላል፤ ፓኬጅዎን አያሳድግም። ስልክ ላይ የሚጫኑት «የኢንተርኔት ማፍጠኛ» መተግበሪያዎች ግን ማስታወቂያ ከማሳየት በቀር የሚሠሩት የለም።

መብራት

አምፖሉ ብልጭ ባለ ቁጥር ራውተሩ ጠፍቶ ይነሣል፣ መልሶ እስኪገናኝም ደቂቃዎች ይፈጅበታል፤ ሰው ይህን ቀርፋፋ ኢንተርኔት ይለዋል። ለኮምፒውተር የሚሆነው ትልቁ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ፣ ለዚህ ብክነት ነው። ብዙ ራውተር የሚሠራው በ12 ቮልት ስለሆነ ከአዳፕተሩ ጋር የሚገጥም ሚኒ ዩፒኤስ ለሰዓታት ያቆየዋል። የአዳፕተሩን ቮልትና አምፔር አንብበው ይግዙ፤ 9 ቮልት የሚሉም አሉ። ነጎድጓድ ሲጀምር ግን የስልክ ሽቦውንም ወደ ሰርቪስ የሚሄደውን ኬብልም ከራውተሩ ይንቀሉ፤ ዩፒኤሱ ከመብረቅ አያድንም።

ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ሲደውሉ

«ኢንተርኔት አይሠራም» አይበሉ። የአገልግሎት ቁጥርዎን ይንገሩ፤ ከዚያ በኬብል፣ ሌላ ስልክ ሳይኖር፣ ንጋትና ማታ የለኩትን ቁጥር ከወረቀቱ ያንብቡ። የኤስኤንአሩን ወይም የብርሃኑን ቁጥር፣ የበራውን ቀይ መብራት ይጨምሩ። የተመዘገበበትን ቁጥር ይቀበሉ። ቴክኒሻኑ ሲመጣ ጥገናው እንዳለቀ በስልክ ሳይሆን በላፕቶፕና በኬብል፣ እሱ ባለበት ይለኩ፤ ጥገናው ዝናብ በሌለበት ቀን ከሆነም መጋጠሚያው ተከፍቶ መታየቱን ይጠይቁት፤ በደረቅ ቀን የስልኩ ጩርጩርታ ራሱ ስለሚጠፋ የዳነ ይመስላል።